ያውቁ ኖሯል? ከአልዱባ ገበያ እስከ ጂንካ ላቦራቶሪ

ከጂንካ ወደ ቀይ አፈር በሚወስደው መንገድ ያለችው አልዱባ ማክሰኞ ማክሰኞ ትገበያያለች። በናው፣ ፀማዩና አሪው ማሩንና ቅቤውን፣ ፍየሉንና እህሉን ይዞ ይወጣባታል። በዚያ ገበያ መሀል አንድ ሰው ድንገት ደረቱን ይዞ ቢቀመጥ፣ ሆስፒታል ሲደርስ ከክንዱ የሚቀዳው ደም ምን ይናገር ይሆን? የዛሬው አምዳችን ስለዚያ ደም ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ያውቁ ኖሯል? ትሮፖኒን የሚባለው ፕሮቲን ቤቱ የልብ ጡንቻ እንጂ ደም አይደለም። ልብ ስትኮማተርና ስትላላ ትእዛዙን የሚያስፈጽመው እሱ ነው። ልብን የሚመግበው የደም ሥር ሲዘጋ ጡንቻው ይሞታል፤ የሕዋሱ ግድግዳ ሲፈርስም ትሮፖኒኑ ወደ ደም ይፈስሳል። ላቦራቶሪው የሚፈልገው ይህንን ፍሳሽ ነው።

ትሮፖኒን ሦስት ዓይነት ነው፦ ሲ፣ አይ እና ቲ። ሲ በሌላም የሰውነት ጡንቻ ስለሚገኝ ለልብ ምስክርነት አይበቃም። የሚለኩት አይ እና ቲ ብቻ ናቸው።

ልብ መጎዳቷን በደም ለማወቅ መጀመሪያ ያገለገለው ኤኤስቲ የሚባለው ኢንዛይም እንደነበር ያውቁ ኖሯል? ጊዜው 1954፣ አገሩ አሜሪካ ነበር። ይህ ኢንዛይም በጉበትም ሞልቶ ስለሚገኝ ምስክርነቱ ተአማኒ አልሆነም። ዛሬ በላቦራቶሪ ወረቀት ላይ ከጉበት ምርመራዎች ጋር፣ አንዳንዴም ኤስጂኦቲ ተብሎ፣ ተጽፎ የምናየው እሱ ነው።

ትሮፖኒንን በ1965 ለዓለም ያስተዋወቁት ጃፓናውያኑ ሴትሱሮ ኤባሺና አያኮ ኮዳማ ናቸው። የልብ ሕመምተኛን አስበው አልነበረም፤ ካልሲየም ጡንቻን እንዴት እንደሚያዝዝ ለማወቅ ነበር የደከሙት። መለኪያው ለሕመምተኛ እንዲደርስ ከሃያ ዓመት በላይ ፈጅቷል። የትሮፖኒን ቲ መለኪያን በ1980ዎቹ መጨረሻ የሠራው የጀርመናዊው ሐኪም የሁጎ ካቱስ ቡድን ነው።

አዲሶቹ መለኪያዎች የሚቆጥሩት በናኖግራም፣ ማለትም በግራም ቢሊዮንኛ ነው። በስፋት ከሚሠራባቸው የትሮፖኒን አይ መለኪያዎች በአንዱ የጤነኛ ወንድ ጣሪያ በሊትር 34 ናኖግራም ሲሆን፣ የሴት ግን 16 ነው። ለሁለቱም አንድ ጣሪያ ሲሠራ የእናቶቻችን ጉዳት «ኖርማል» ተብሎ ሊታለፍ ይችላል። ከሁሉም በላይ እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ልዩነት ነው።

ያውቁ ኖሯል? ትሮፖኒን ወዲያው አይታይም። በተለመዱት መለኪያዎች ከፍ ማለቱ የሚታወቀው ሕመሙ ከጀመረ ከ3 እስከ 6 ሰዓት ቆይቶ ነው። ሕመምተኛው በግማሽ ሰዓት ውስጥ ከደረሰ የመጀመሪያው ደም ንጹሕ ሆኖ ሊገኝ ይችላልና ከሰዓታት በኋላ ደግሞ ይቀዳል። ሐኪሙ የሚያየው አንዱን ቁጥር ሳይሆን ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው መውጣቱን ወይም መውረዱን ነው። አንዴ ከፍ ካለ ደግሞ ለአንድ ሳምንትና ከዚያም በላይ ይቆያል፤ ማክሰኞ የታመመ ሰው በቀጣዩ ማክሰኞ ቢመጣ እንኳ ደሙ ሊመሰክርበት ይችላል። የሚያሳዝነው፣ ያኔ የሞተውን ጡንቻ የሚመልስ መድኃኒት የለም።

ታዲያ ትሮፖኒን እስኪደርስ ዝም ብሎ ይጠበቃል? አይጠበቅም። ኢሲጂ የሚባለው የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ ሕመምተኛው በገባ በ10 ደቂቃ ውስጥ መነሣት አለበት። የደም ሥሩ ሙሉ በሙሉ መዘጋቱን ኢሲጂው ካሳየ የላቦራቶሪ ውጤት ሳይጠበቅ ሕክምናው ይጀመራል። ኢሲጂው ደህና ከመሰለ ግን ነገሩ አላለቀም፤ የትሮፖኒን ዋና ሥራ የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው።

ሕክምናውን ካነሣን፣ በ1988 የታተመና ኢሲስ-2 የተባለ ጥናት በ17,187 ሕመምተኞች ላይ ተደርጎ ነበር። 160 ሚሊግራም አስፕሪን ብቻውን በአምስት ሳምንት ውስጥ ሞትን በ23 በመቶ ሲቀንስ፣ የረጋ ደም ከሚያሟሟው ስትሬፕቶካይኔዝ ጋር ሲሰጥ ደግሞ በ42 በመቶ ቀንሷል። አስፕሪን በየመድኃኒት ቤቱ ያለ ርካሽ ክኒን ነው። በልብ ሕመሙ ጊዜ ግን የሚታኘክ እንጂ እንዳለ የሚዋጥ አይደለም፤ የሚደማ ቁስል ላለበትና አስፕሪን ለማይስማማው አይሰጥም፤ ስለዚህ ጤና ባለሙያው ጠይቆ ይስጠው።

ያውቁ ኖሯል? በአማርኛ «ልቤን አቃጠለኝ» የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያመለክተው ጨጓራውን ነው። የእውነት ልቡ የታመመበት ደግሞ «ጨጓራዬ ነው» ብሎ ወተት ጠጥቶ ይተኛል። ሲወጋ «ውጋት» እንላለን፤ የልብ ሕመም ግን ከመውጋት ይልቅ እንደ ድንጋይ የሚጫን፣ የሚያፍን፣ ወደ ግራ ክንድና ወደ መንጋጋ የሚሄድ፣ ላብ የሚያጠምቅ ነው። አልዱባ ላይ ይህ ሁሉ ከአሪኛ ወይም ከበንኛ ወደ አማርኛ፣ ካርዱ ላይ ደግሞ ወደ እንግሊዝኛ ይገለበጣል። በሦስት ቋንቋ ያለፈ ሕመም መልኩ መለወጡ አይቀርም። ደረቱን ይዞ ለመጣ ሰው ከአስተርጓሚ በፊት እጁን ማየት ይጠቅማል፦ ሕመሙን በአንድ ጣት ነው የሚያሳየው ወይስ በሙሉ መዳፉ?

ትሮፖኒን ከፍ አለ ማለት ሁልጊዜ የደም ሥር ተዘግቷል ማለት አይደለም። ኩላሊት ሲደክም፣ በሳንባ ደም ሲረጋ፣ ብርቱ ኢንፌክሽን ሲኖር፣ የልብ ጡንቻ ሲቆጣ ይጨምራል። ማራቶን ሮጠው በጨረሱ ጤነኞች ደም ውስጥም ብዙ ጊዜ ከፍ ብሎ ይገኝና በጥቂት ቀናት ይወርዳል። እንደ እኛ የሯጮች አገር በሆነ ቦታ ይህ መዘንጋት የለበትም።

ትሮፖኒን ለቀናት ከፍ ብሎ ስለሚቆይ ሕመሙ ዳግም ቢነሣ አዲሱን ከአሮጌው መለየት ይከብዳል። ሲኬ-ኤምቢ የሚባለውና በሁለት ሦስት ቀን ወደ ቦታው የሚመለሰው ሌላ የልብ ምርመራ በአንዳንድ ቦታ ጡረታ ሳይወጣ የቆየው ለዚህ ነው።

ቢኤንፒ የሚባለው ሌላው ምርመራ የልብ ድካምን ከሳንባ ሕመም ለመለየት ይረዳል። ስሙ ውስጥ «አንጎል» የሚል ቃል አለበት፤ ጃፓኖች በ1988 መጀመሪያ ያገኙት ከአሳማ አንጎል ነበርና። ዋናው ምንጩ ልብ መሆኑ የታወቀው ኋላ ነው።

ለጸጉርና ለጥፍር ተብሎ በብዛት የሚወሰደው ባዮቲን የተባለ ቫይታሚን አንዳንድ የትሮፖኒን መለኪያዎችን በሐሰት ዝቅ ሊያደርግ ይችላል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ2017 አስጠንቅቋል።

በእጅ የሚያዙና ከሩብ ሰዓት ብዙም ሳይዘገዩ ውጤት የሚሰጡ መለኪያዎች አሉ፤ ለገጠር ሆስፒታል ትልቅ ተስፋ ናቸው። ሆኖም የአንዳንዶቹ ካርትሪጅ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ማቀዝቀዣ ይፈልጋል። በወይጦ ቆላ ሐሩር ላይ ያለፈ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

አሁን ደግሞ ማንም ልብ የማይለው ነገር። የእኛ ሰዓትና የማሽኑ ሰዓት በ6 ይለያያሉ። አንድ ሕመምተኛ «ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ጀመረኝ» ይላል እንበል፤ ካርዱ ላይ «1፡00» ይጻፋል። ደሙ በእኛ 2፡30 ላይ ይቀዳል፤ ማሽኑ ግን «8፡30» ብሎ ያትማል። ወረቀቱን ብቻ ያየ ሐኪም ሕመሙ ሰባት ሰዓት ተኩል እንዳለፈው ይቆጥራል፤ እውነቱ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። ያኔ «ኖርማል» የሚለው ውጤት ሰውየውን ወደ ቤቱ ሊሸኘው ይችላል፤ ትሮፖኒኑ ግን ገና መውጣት አልጀመረም። ከሰዓቱ ጎን «በኢትዮጵያ» የሚል አንድ ቃል መጨመር ምንም አያስከፍልም።

ሰዓት የሌለው ሕመምተኛስ? ጂንካ ከምድር ወገብ ስድስት ዲግሪ ያህል ብቻ ነው የምትርቀው። በዚያ ምድር በዓመቱ ረጅሙና አጭሩ ቀን የሚበላለጡት ከአንድ ሰዓት ባነሰ ነው። ስለዚህ አንድ የአሪ ሽማግሌ ክንዳቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው «ፀሐይ እዚያ ጋ ሳለች ጀመረኝ» ቢሉ፣ ክረምትም ሆነ በጋ ያቺ ቦታ ያንኑ ሰዓት ያህል ናት። ባለሙያው ቆጥሮ ካርዱ ላይ ሊያሰፍረው ይችላል።