ሕመም አስታጋሽ መድኃኒት፤ ጥቅሙና ጉዳቱ

አንድ አዛውንት ራሳቸውን ስተው፥ ዓይነ ምድራቸውም እንደ ሬንጅ ጠቁሮ ወደ ሐኪም ቤት መጡ። ነፍሳቸውን ባወቁ ጊዜ ቢጠየቁ፥ ለጎረቤታቸው የታዘዘውን ዳይክሎፌናክ ለብዙ ሳምንታት ሲወስዱ እንደ ነበር ተናገሩ። «ጉልበቴማ ድኖልኝ ነበር» አሉ። እውነት ነው፤ የጉልበታቸው ሕመም ታግሦ ነበር፤ ጨጓራቸው ግን ይደማ ነበር።

ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? ዳይክሎፌናክ፥ አይቡፕሮፌንና ኢንዶሜታሲን ከአስፕሪን ጋር አንድ ወገን ናቸው። የተጎዳ የሰውነት ክፍል የሚያብጠውና የሚያመው በአመዛኙ ፕሮስታግላንዲን የሚባለው ንጥረ ነገር ስለሚበዛበት ነው። እንግሊዛዊው ሊቅ ጆን ቬን በ1971 እ.ኤ.አ. እንደ ገለጹት፥ እነዚህ መድኃኒቶች ይህ ንጥረ ነገር እንዳይሠራ ያግዳሉ። ስለዚህ ለመገጣጠሚያ በሽታ፥ ለወለምታ፥ ለጥርስና ለወር አበባ ሕመም እጅግ ይጠቅማሉ።

ይሁን እንጂ ይኸው ንጥረ ነገር ጨጓራን ከገዛ አሲዱ የሚጠብቅ፥ ለኩላሊትም በቂ ደም እንዲደርስ የሚረዳ ነው። መድኃኒቱ ሕመሙን ሲያስታግሥ ጠባቂውንም አብሮ ያነሣል። የጨጓራው ቁስል አንዳንድ ጊዜ አስቀድሞ ሕመም ሳያሰማ ይደማል።

እንግዲህ የጨጓራ ቁስል፥ የኩላሊት ወይም የልብ በሽታ፥ የደም ግፊት ያለበት፥ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ፥ ዕድሜውም ከ65 ዓመት ያለፈ ሰው ይህን አስቀድሞ ለሐኪሙ መንገር አለበት። እርጉዝ ሴት፥ ይልቁንም 20ኛውን ሳምንት ያለፈች፥ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ልትወስደው አይገባም።

የታዘዘለትም ሰው ከምግብ ጋር፥ በተወሰነለት መጠንና ቀን ብቻ ይውሰድ። ዳይክሎፌናክንና አይቡፕሮፌንን በአንድነት መውሰድ አይገባም፤ ስማቸው ቢለያይም ሥራቸው አንድ ስለ ሆነ ጉዳታቸው ይደራረባል። ዓይነ ምድሩ የጠቆረ፥ ደም ያስታወከ ወይም ሽንቱ ያነሰ ሰው መድኃኒቱን አቁሞ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ቤት ይሂድ።

ከታዘዘልን የተረፈውን ለታመመ ጎረቤት ማካፈል ደግነት ይመስላል፤ ነገር ግን የጎረቤታችንን ጨጓራና ኩላሊት አናውቅም። መምህራን ይህን ለተማሪዎቻቸው ቢያስረዱ፥ ልጆቹ ጉልበት ለሚያማቸው አያቶቻቸው ያደርሱታል።