በቁማቸው እምቢ ያሉት ሻለቃ

በ1945 መጀመሪያ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በእንግሊዟ በርሚንግሃም ከተማ መጋዘኖች ውስጥ የወታደር ደብዳቤና ጥቅል ጣሪያ ሊነካ ደርሶ ነበር። መስኮቶቹ ለአየር ጥቃት ተጋርደዋል፤ ማሞቂያ የለም፤ ከቤት የተላከውን ኬክ አይጥ ይቦረቡረዋል። ይህን ክምር እንዲያቃልል የተላከው የአሜሪካ 6888ኛው የፖስታ ሻለቃ ጦር 855 ሴቶች ነበሩት፤ ከሞላ ጎደል ሁሉም ጥቁር አሜሪካውያን። አዛዣቸው የ26 ዓመቷ ሻለቃ ቻሪቲ አዳምስ ነበሩ።

የቄስ ልጅ ናቸው፤ ያደጉት በኮሎምቢያ፣ ደቡብ ካሮላይና ነው። ሒሳብ ሲያስተምሩ ቆይተው በ1942 የሴቶች ረዳት ጦርን ተቀላቀሉ፤ በዚያ ጦር የመኰንንነት ማዕረግ ያገኙ የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴትም ሆኑ።

በርሚንግሃም ላይ ሥራው በሦስት ፈረቃ ቀን ከሌት ተያያዘ። በአንድ ፈረቃ 65,000 ያህል ደብዳቤ ይለቀማል። ሮበርት ስሚዝ የሚባል ወታደር ብቻ 7,500 ገደማ ስለነበር የሚለዩት በመለያ ቁጥራቸው ነው። ስድስት ወር የተሰጠው ሥራ በሦስት ወር አለቀ።

እኔን ከፍጥነቱ ይልቅ የሚይዘኝ የአዛዧ እምቢታ ነው። አንድ ጄኔራል ለጉብኝት መጥቶ ሁሉም ለምን አልተሰለፉም ብሎ ተቆጣ፤ የሌሊት ፈረቃዎቹ ተኝተው ነበር። ሥራ የሚያሳይሽ ነጭ መቶ አለቃ እልክልሻለሁ ሲላቸው፣ በቁሜ አይሆንም አሉት። ጥቁርና ነጭ በሕግ በተለያየበት ጦር ውስጥ እንዲህ ያለ መልስ ወታደራዊ ፍርድ ቤት ሊያስቆም ይችል ነበር። ቀይ መስቀል ለንደን ላይ ለጥቁር ሴቶች የተለየ ሆቴል ሲያዘጋጅም፣ ሴቶቻቸው እንዳያርፉበት አሳሰቡ።

ብዙ ሰው ታሪካቸውን እዚህ ላይ ያቆመዋል። እሳቸው ግን በ1946 በሌተና ኮሎኔልነት ከተሰናበቱ በኋላ በሥነ ልቦና ሁለተኛ ዲግሪ ያዙ፤ በኮሌጆች የተማሪዎች ጉዳይ ኃላፊ ሆኑ፤ አግብተው ዴይተን፣ ኦሃዮ ከገቡ ወዲያ ደግሞ ዕድሜያቸውን ለከተማዋ ሰጡ። የሲንክሌር ኮሌጅ ቦርድ አባል ነበሩ፤ በ1982 ጥቁሮችን ለአመራር የሚያበቃ ፕሮግራም ሲቋቋም ከመሥራቾቹ አንዷ ሆኑ። ያረፉት በ2002 ነው።

በ2023 በቨርጂኒያ የሚገኘው ፎርት ሊ የጦር ሰፈር ስም በእሳቸውና በጄኔራል አርተር ግሬግ ስም ተቀየረ። በ2025 ኮንግረስ ለሻለቃ ጦሩ የወርቅ ሜዳልያ አስረከበ፤ በዚያው ዓመት ግን ፎርት ሊ የሚለው ስም ተመለሰ። በዚህ ስም አሁን የሚታሰበው ፊትዝ ሊ የተባለ ጀግና ጥቁር ወታደር ነው፤ ክብሩ ይገባዋል። የአዳምስን ስም አውርዶ መስጠቱ ግን ስህተት ነው፤ ስማቸው ሊመለስ ይገባል።