አይፎን ወይስ ጋላክሲ? ውድ የእጅ ስልክ ከመግዛት በፊት ሊጤኑ የሚገባቸው ጉዳዮች

ተንቀሳቃሽ ስልክ ድምፅና አጭር መልእክት መለዋወጫ ብቻ የነበረበት ጊዜ አልፏል። በአሁኑ ወቅት ደብዳቤ የሚረቀቅበት፣ የስብሰባ ቃለ ጉባኤ የሚነበብበት፣ ገንዘብ የሚተላለፍበትና የመሥሪያ ቤት ሰነድ የሚቀመጥበት መሣሪያ ሆኗል። በመሆኑም የስልክ ምርጫ የመልክና የዝና ጉዳይ ሳይሆን ከወጪ፣ ከሥራ ቅልጥፍናና ከመረጃ ደህንነት ጋር የተያያዘ ውሳኔ ነው።

በዓለም ገበያ በከፍተኛ ዋጋ ከሚሸጡት ዘመናዊ ስልኮች መካከል የአሜሪካው አፕል ኩባንያ አይፎንና የደቡብ ኮሪያው ሳምሰንግ ኩባንያ ጋላክሲ ግንባር ቀደም ተፎካካሪዎች ናቸው። ገዢዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያነሱት ጥያቄም ከሁለቱ የትኛው ይሻላል የሚል ነው። ሆኖም ጥያቄው መልስ የሚያገኘው ስልኩ ለማን፣ ለምን ሥራና ለስንት ዓመት እንደሚፈለግ አስቀድሞ ሲታወቅ ነው።

የፉክክሩ አመጣጥ

አፕል የመጀመሪያውን አይፎን ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. ጥር 9 ቀን 2007 በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ነው። በአንድሮይድ ስርዓት የሚሠራው የመጀመሪያው ስልክ በ2008 ለገበያ የቀረበ ሲሆን፣ ሳምሰንግ የጋላክሲ ኤስ ምርቱን በ2010 አስከትሏል። አፕል በ2011 ሳምሰንግን በፈጠራ ባለቤትነት መብት ጥሰት በአሜሪካ ፍርድ ቤት የከሰሰ ሲሆን፣ በነሐሴ ወር 2012 የዳኞች ጉባኤ ሳምሰንግ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ካሣ እንዲከፍል ወስኖ ነበር። የካሣው መጠን በተከታታይ ሲከራከሩበት ከቆየ በኋላ ሁለቱ ኩባንያዎች በ2018 በስምምነት ጉዳዩን ዘግተዋል።

ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ምርቶች በመልክም ሆነ በአገልግሎት እጅግ ተቀራርበዋል። ዋናው ልዩነት የቀረው በስርዓተ ክወናው ላይ ነው። አይፎን የሚሠራው አፕል ለራሱ ምርት ብቻ በሚያዘጋጀው አይኦኤስ ሲሆን፣ ጋላክሲ ደግሞ ጉግል በሚያዘጋጀውና በርካታ አምራቾች በሚጠቀሙበት አንድሮይድ ይሠራል።

ሁለቱ ስልኮች በንጽጽር

ለንጽጽር እንዲያመች አፕል በመስከረም 2024 ያስተዋወቀውን አይፎን 16 ፕሮ ማክስና ሳምሰንግ በጥር 2025 ያስተዋወቀውን ጋላክሲ ኤስ 25 አልትራ መመልከት ይቻላል። የአይፎኑ መነሻ ዋጋ በአሜሪካ 1 ሺህ 199 ዶላር፣ የጋላክሲው ደግሞ 1 ሺህ 299 ዶላር ከ99 ሳንቲም ነበር። ሁለቱም 6 ነጥብ 9 ኢንች ስፋት ያለው ስክሪንና ከታይታኒየም የተሠራ ክፈፍ አላቸው። የማከማቻ አቅማቸውም ከ256 ጊጋባይት ጀምሮ እስከ 1 ቴራባይት ይደርሳል። አይፎኑ 227 ግራም፣ ጋላክሲው 218 ግራም ይመዝናል።

በካሜራ ረገድ የጋላክሲው ዋና ካሜራ 200 ሜጋፒክስል፣ የአይፎኑ ደግሞ 48 ሜጋፒክስል ነው። ይህ ማለት ግን የጋላክሲው ፎቶ አራት እጥፍ የጠራ ነው ማለት አይደለም። ጋላክሲው በመደበኛ አጠቃቀሙ በርካታ ነጥቦችን አዋሕዶ አንድ ምስል የሚሠራ በመሆኑ የመጨረሻው ፎቶ ነጥቦች ቁጥር እጅግ ያነሰ ነው። የፎቶው ጥራት የሚወሰነው በሌንሱ፣ በብርሃን መቀበያው መጠንና ምስሉን በሚያቀናብረው ሶፍትዌር ጭምር ነው። በተግባር ሲታይ ጋላክሲው ሩቅ ያለን ነገር አቅርቦ በማንሳት፣ አይፎኑ ደግሞ በቪዲዮ ቀረጻ ይመሰገናሉ። ሰነድ ለመቅረጽና የመስክ ሥራን በፎቶ ለማስረዳት ሁለቱም ከበቂ በላይ ናቸው።

በባትሪ ቆይታም ልዩነታቸው ጠባብ ነው። አምራቾቹ በሰጡት መግለጫ መሠረት አይፎኑ እስከ 33 ሰዓት፣ ጋላክሲው እስከ 31 ሰዓት ቪዲዮ ማሳየት ይችላሉ። ይህ በተመቻቸ ሁኔታ የተለካ ሲሆን፣ ስልኩ ደካማ ኔትወርክ ባለበት አካባቢ ሲውል ምልክት ለማግኘት ብዙ ኃይል ስለሚያወጣ ቆይታው ያጥራል። በሁለቱም ካርቶኖች ውስጥ የቻርጀር ራስ የሌለ በመሆኑ፣ ጥራት ያለው ቻርጀር ለመግዛት የሚያስፈልገው ገንዘብ አብሮ ሊታሰብ ይገባል። ሁለቱም ተጨማሪ ሚሞሪ ካርድ የማይቀበሉ መሆናቸውም ሊዘነጋ አይገባም። በመሆኑም የማከማቻ መጠኑ በግዥው ዕለት መወሰን ይኖርበታል።

ጋላክሲ ኤስ 25 አልትራን ለቢሮ ሥራ የሚለየው ከስልኩ ጋር የሚመጣው የመጻፊያ ብዕር ነው። በስብሰባ ላይ በእጅ ጽሑፍ ማስታወሻ ለሚይዙና በሰነድ ላይ አስተያየት ለሚያሰፍሩ ኃላፊዎች ጠቃሚ ነው። በሌላ በኩል በቢሮም ሆነ በቤት የአፕል ኮምፒውተር የሚጠቀም ሰው አይፎን ቢይዝ ሰነድና ፎቶ ያለ ተጨማሪ ድካም ከአንዱ ወደ ሌላው ማስተላለፍ ይችላል።

የአገልግሎት ዘመን

ውድ ስልክ ለመግዛት ዋነኛው ምክንያት ሊሆን የሚገባው የአገልግሎት ዘመኑ ርዝመት ነው። ስልክ የሚያረጀው አካሉ ሲጎዳ ብቻ አይደለም። አምራቹ የደህንነት ማሻሻያ መላክ ሲያቆም ስልኩ ቢሠራም ለጥቃት የተጋለጠ ይሆናል፤ እያደርም የባንክና የክፍያ መተግበሪያዎች በአሮጌ ስርዓት ላይ መሥራት ያቆማሉ።

በዚህ ረገድ አይፎን ለበርካታ ዓመታት ብልጫ ነበረው። ለአብነት በ2018 የቀረበው አይፎን ኤክስኤስ በ2024 የወጣውን አይኦኤስ 18 ተቀብሏል። በአንጻሩ በ2019 የቀረበው ጋላክሲ ኤስ 10 ያገኘው የመጨረሻ የስርዓት ማሻሻያ አንድሮይድ 12 ነበር። ሆኖም ሳምሰንግ ከ2024ቱ ጋላክሲ ኤስ 24 ጀምሮ ለ7 ዓመታት የስርዓትና የደህንነት ማሻሻያ እንደሚሰጥ ቃል በመግባቱ ልዩነቱ በእጅጉ ጠብቧል።

ማሻሻያ ረጅም መሆኑ ብቻውን በቂ አይደለም። ባትሪ በአገልግሎት ብዛት አቅሙ ይቀንሳል። አፕል ባትሪያቸው የደከመ ስልኮችን ፍጥነት በሶፍትዌር እንደሚቀንስ በታኅሣሥ 2017 ካመነ በኋላ የባትሪ መለወጫ ዋጋውን ከ79 ወደ 29 ዶላር ዝቅ አድርጎ ነበር። በ2018 ደግሞ የጣሊያን የውድድር ባለሥልጣን የሶፍትዌር ማሻሻያዎች ስልኮችን አዳክመዋል በማለት አፕልን 10 ሚሊዮን፣ ሳምሰንግን 5 ሚሊዮን ዩሮ ቀጥቷል። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ስልኩን ለረጅም ዓመታት መጠቀም የሚፈልግ ሰው ቢያንስ አንድ ጊዜ ባትሪ ማስለወጥ እንደሚኖርበት አስቀድሞ ማሰብ እንዳለበት ነው። ስለሆነም ትክክለኛ የመለዋወጫ ዕቃና ብቁ ባለሙያ በአቅራቢያ መኖሩን ማጣራት ተገቢ ነው።

የመረጃ ደህንነት

የመንግሥት ሠራተኛ ስልክ ሲጠፋ የሚጠፋው የግል ንብረት ብቻ ላይሆን ይችላል። በስልኩ ውስጥ ያለው የባለጉዳዮች ስም፣ የቅሬታ ማመልከቻ ወይም ያልጸደቀ ሰነድ ለሌላ ሰው እጅ ሊወድቅ ይችላል። በኢትዮጵያ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መውጣቱም የዜጎችን መረጃ የሚይዝ አካል የሚኖርበትን ኃላፊነት ከፍ አድርጎታል።

ሁለቱም ስልኮች በውስጣቸው ያለውን መረጃ በምስጢራዊ ኮድ ቀይረው ያስቀምጣሉ። አይፎኑ በፊት ገጽታ፣ ጋላክሲው በዋናነት በስክሪኑ ሥር ባለ የጣት አሻራ መለያ ይከፈታሉ። ሳምሰንግ የሥራ ፋይሎችን ከግል ፋይሎች ለይቶ የሚቆልፍ ማህደር ያለው ሲሆን፣ አፕልም በአይኦኤስ 18 መተግበሪያዎችን ለይቶ መቆለፍና መሰወር የሚያስችል አሠራር አካቷል። አፕል ለከፍተኛ የስለላ ጥቃት ሊጋለጡ ለሚችሉ ሰዎች የስልኩን አገልግሎቶች በጥብቅ የሚገድብ አሠራር በ2022 አቅርቧል።

ዋናው ልዩነት በመተግበሪያ አጫጫን ላይ ይታያል። አንድሮይድ ከመደበኛው የመተግበሪያ መደብር ውጭ የተገኘ ፋይልን መጫን ይፈቅዳል። አይፎን ግን፣ በሕግ ምክንያት አሠራሩ ከተቀየረባቸው እንደ አውሮፓ ኅብረት ካሉ አገሮች በስተቀር፣ ከራሱ መደብር ውጭ እንዲጫን አይፈቅድም። የአንድሮይድ ነፃነት ለባለሙያ የሚጠቅም ሲሆን፣ በቴሌግራም የተላከለትን የመተግበሪያ ፋይል ሳያጣራ ለሚጭን ሰው ግን የጥቃት በር ይሆናል። ያም ሆነ ይህ ሁለቱም ከጥቃት ነፃ አይደሉም፤ ፔጋሰስ የተባለው የስለላ ሶፍትዌር ሁለቱንም ስርዓቶች ዒላማ ማድረጉ ይታወቃል። ማሻሻያ በወቅቱ የማይጭንና የይለፍ ቃሉን ለሌላ የሚሰጥ ሰው በየትኛውም ስልክ ደህንነቱ አይጠበቅም።

አማርኛና የአገር ውስጥ አገልግሎቶች

በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቴሌብርም ሆነ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሞባይል ባንክ አገልግሎት በሁለቱም ስርዓቶች ላይ ይሠራሉ። ስለዚህ በዚህ ረገድ አንዱን ከሌላው የሚያስመርጥ ምክንያት የለም።

የግዕዝ ፊደልን ሁለቱም በአግባቡ ያሳያሉ። አማርኛ አንድሮይድ ከተተረጎመባቸው ቋንቋዎች አንዱ ሲሆን፣ የአማርኛ የፊደል ገበታዎችም በስፋት ይገኙለታል። የአጻጻፍ ምቾት ከሰው ሰው ስለሚለያይ፣ በአማርኛ ደብዳቤ የሚያረቅ ሰው ከመግዛቱ በፊት በሁለቱም ስልኮች ላይ አንድ አንቀጽ ጽፎ ቢሞክር ለውሳኔው የሚረዳው ይሆናል።

ከውጭ የሚመጡ ስልኮች

በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚኖሩ ወገኖች ለቤተሰቦቻቸው ስልክ መላካቸው የተለመደ ነው። በዚህ ወቅት ከሚያጋጥሙ ችግሮች አንዱ የሲም ካርድ ጉዳይ ነው። ከ2022ቱ አይፎን 14 ጀምሮ በአሜሪካ የሚሸጡ አይፎኖች የሲም ካርድ ማስገቢያ የላቸውም፤ የሚሠሩትም ኢሲም በተባለው በስልኩ ውስጥ በተገጠመ ሲም ብቻ ነው። በአንጻሩ ጋላክሲ ኤስ 25 አልትራ በአሜሪካም የሚሸጠው የሲም ካርድ ማስገቢያ ይዞ ነው። በመሆኑም ከአሜሪካ አይፎን የሚላክለት ሰው መስመሩን ወደ ኢሲም ማዛወር መቻሉን ከቴሌኮም ኩባንያው አስቀድሞ ማረጋገጥ ይኖርበታል።

ሁለተኛው በአሜሪካ በክፍያ ውል የሚገዙ ስልኮች ጉዳይ ነው። እነዚህ ስልኮች ዕዳው ተከፍሎ እስኪያልቅ ለአንድ የቴሌኮም ኩባንያ ብቻ የተቆለፉ ሊሆኑ ይችላሉ። ሦስተኛው ደግሞ የባለቤትነት ቁልፍ ነው። የቀድሞው ባለቤት የአፕል ወይም የጉግል መለያውን ሳያጠፋ የሸጠው ስልክ እንደገና ሲዋቀር የእርሱን የይለፍ ቃል ይጠይቃል። ይህ የተሰረቀ ስልክን ለመከላከል የተዘጋጀ ስለሆነ በቀላሉ አይከፈትም።

ያገለገለ ስልክ የሚገዛ ሰው ሻጩ ፊት *#06# ደውሎ የሚወጣውን የመለያ ቁጥር በስልኩ የማስተካከያ ገጽና በካርቶኑ ላይ ካለው ጋር ማመሳከር፣ የሻጩ መለያ መጥፋቱን ማረጋገጥ፣ ሲም አስገብቶ መደወልና የባትሪውን ሁኔታ መመልከት አለበት። ሐሰተኛ ካርቶን ማሳተም ቀላል በመሆኑ ካርቶን ብቻውን ማስረጃ ሊሆን አይችልም።

ዋጋና ግዥ

ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን መደረጉን ተከትሎ ከውጭ የሚገቡ ዕቃዎች በብር ሲሰሉ ዋጋቸው ጨምሯል። በዚህ ላይ ቀረጥና ታክስ ሲታከል የእነዚህ ስልኮች ዋጋ ለአብዛኛው የመንግሥት ሠራተኛ የበርካታ ወራት ደመወዝ ይሆናል። ስለዚህ ዋጋውን በሚያገለግልበት ዓመት አካፍሎ ማየት ይጠቅማል። ለ6 ዓመት የሚያገለግል ስልክ በ2 ዓመት ከሚጣል ግማሽ ዋጋ ካለው ስልክ በዓመት ሲሰላ ያነሰ ወጪ ሊኖረው ይችላል። ይህ ስሌት ግን የሚሠራው ባለቤቱ ስልኩን ለዚያን ያህል ጊዜ በእርግጥ ሲይዘው ብቻ ነው።

አምራቾቹ በየዓመቱ ተተኪ ምርት የሚያወጡ መሆናቸውም ለገዢው ዕድል ይሰጣል። አፕል በመስከረም 2025 የአይፎን 17 ተከታታይ ምርቶችን ማቅረቡ እንደሚያሳየው፣ አዲስ ምርት በወጣ ቁጥር የቀደመው ዋጋ ይቀንሳል፤ የአገልግሎት ልዩነቱ ግን ብዙውን ጊዜ አነስተኛ ነው። የ1 ዓመት ዕድሜ ያለውን ሞዴል የገዛ ሰው የሚያጣው የ1 ዓመት የማሻሻያ ጊዜ ሲሆን፣ የሚያተርፈው ገንዘብ ግን ባትሪ ለማስለወጥና ጥሩ ቻርጀር ለመግዛት ሊበቃ ይችላል።

ለመሥሪያ ቤት የሚገዛ ስልክ ሲሆን ጉዳዩ ከግል ምርጫ ይለያል። በመንግሥት ግዥ መርህ መሠረት የቴክኒክ መግለጫ የአንድን አምራች የንግድ ምልክት በመጥቀስ ሳይሆን የሚፈለገውን አገልግሎት በመዘርዘር ይዘጋጃል። በመሆኑም አይፎን ወይም ጋላክሲ ብሎ ከመጻፍ ይልቅ የደህንነት ማሻሻያ የሚሰጥበትን ዓመት፣ የማከማቻ መጠኑን፣ የሲም ዓይነቱን፣ የዋስትና ጊዜውንና መሣሪያው ሲጠፋ መረጃውን ከርቀት ማጥፋት መቻሉን መዘርዘር ተገቢ ነው። ለዕለት ሥራው ጥሪ፣ ኢሜይልና ሰነድ ንባብ ብቻ ለሚያስፈልገው ሠራተኛ ደግሞ መካከለኛ ዋጋ ያለው ስልክ ተመሳሳይ ሥራ የሚሠራ በመሆኑ ለከፍተኛ ደረጃ ስልክ የሕዝብ ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም።

በአጠቃላይ የአፕል ኮምፒውተር የሚጠቀም፣ ቪዲዮ የሚቀርጽና ያነሰ ማስተካከያ የሚጠይቅ ስልክ የሚፈልግ ሰው አይፎንን ቢመርጥ ይጠቀማል። በእጅ ጽሑፍ ማስታወሻ የሚይዝ፣ ከሩቅ ፎቶ የሚያነሳና ስልኩን እንደ ፍላጎቱ ማዋቀር የሚሻ ሰው ደግሞ ጋላክሲን ቢመርጥ ይመቸዋል። ቀድሞ ከሁለቱ አንዱን ሲጠቀም የቆየና ፋይሎቹን፣ የከፈለባቸውን መተግበሪያዎችና ልማዱን በዚያው ያደራጀ ሰው ግን ወደ ሌላው ለመሻገር በቂ ምክንያት የሚያገኘው አልፎ አልፎ ነው። የያዘው ስልክ የደህንነት ማሻሻያ እያገኘ ከሆነና ባትሪው ብቻ ከደከመ፣ ባትሪውን አስለውጦ መቀጠል ከሁሉም አነስተኛ ወጪ የሚጠይቅ አማራጭ ነው።