የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ስትገዙ

ጡረታ ከወጡ ወዲህ ዓሣ ማጥመድ የጀመሩ የፔታ ቲክቫ ጎረቤቶቼ «የቱን ሐካ ልግዛ?» እያሉ ይጠይቁኛል። ጣና ዳር ላደገ ሰው መንጠቆ አዲስ አይደለም፤ ሱቅ ውስጥ የተደረደረው ዘንግ ግን ያደናግራል።

መጀመሪያ የት እንደምታጠምዱ ወስኑ። ለኪነሬት ሐይቅ 2.40 ሜትር ገደማ ይበቃል። ከባሕር ዳርቻ ማዕበሉን አሳልፎ ለመወርወር 4 ሜትር አካባቢ ያስፈልጋል፤ እሱ ደግሞ ትከሻ ይፈትናል። ቀጥሎ ከእጀታው በላይ የተጻፈውን ቁጥር አንብቡ። «10–30 ግራም» ካለ፣ ከዚያ የከበደ እርሳስ አታንጠልጥሉበት። (ክብደቱን ማለቴ ነው እንጂ የምንጽፍበትን አይደለም፤ አስተማሪነቴ አለቀቀኝም።)

ካርቦኑ ቀላል ስለሆነ የእጅ አንጓ ለሚያማችሁ ይመቻል። ግን ሲመታ ይሰነጠቃል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። እባካችሁ ከኤሌክትሪክ ሽቦ ሥር አትዘርጉት፤ ነጎድጓድ ከሰማችሁም አጣጥፋችሁ ቶሎ ወደ ቤት ግቡ። ፋይበርግላሱ ይከብዳል፤ የልጅ ልጅ ቢረግጠው ግን የተሻለ ይችላል።

ሳትከፍሉ በፊት ክር ማጠንጠኛውን አስገጥማችሁ፣ አምስት ደቂቃ በአንድ እጅ ያዙት። ጫፉ ወደ መሬት እየጎተተ ካስቸገራችሁ ሌላ ጠይቁ፤ ሻጩ ቢሰለችም ይሰልች።