ታሪኩን ለተጫዋቹ ያስረከበ ጨዋታ

«ኔቨርዊንተር ናይትስ» የተባለው የኮምፒውተር ጨዋታ ገበያ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትም በዚሁ በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር ናቸው)። ከእሱ ጋር የወጡ ብዙ ጨዋታዎች ተረስተዋል። ለዚህኛው ግን ዛሬም አዲስ ታሪክ የሚሠሩለት ሰዎች አሉ፤ ሠሪዎቹም አብዛኞቹ ራሳቸው ተጫዋቾቹ ናቸው። ጨዋታውን ያዘጋጀው ባዮዌር የተባለው የካናዳ ኩባንያ ታሪኩን የሠራበትን መሣሪያ ከጨዋታው ጋር አብሮ ሸጠላቸው። ዕድሜው እንዲህ የረዘመው በዚህ ነው።

እኔ ባሕር ዳር ውስጥ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። የተማሪዎቼን ደብተር አርሜ ስጨርስ ማታ ላፕቶፔን ከፍቼ የምገባው እዚህ ጨዋታ ውስጥ ነው። በወላጆች ስብሰባ ላይ «ጌም ልጆቻችንን ወሰደብን» የሚል ስሞታ በየጊዜው ይነሳል። ስሞታው መሠረት አለው፤ ጥናቱን ትቶ ሲጫወት የሚያድር ተማሪ እኔም ክፍል ውስጥ አለ። ጌምን ሁሉ በጅምላ መፈረጅ ግን ልክ አይደለም እላለሁ። የማንበብ፣ የማመዛዘንና የመጻፍ ፍላጎት የሚቀሰቅሱ ጨዋታዎች አሉ፤ ይህ ጽሑፍ ስለነሱ ነው።

ከጠረጴዛ ወደ ስክሪን

የዚህ ዓይነት ጨዋታ አባት «ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» ይባላል። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ አሜሪካውያን በ1974 ያወጡት የጠረጴዛ ጨዋታ ነው። አራት አምስት ሰዎች ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ። አንዱ የጨዋታው መሪ ሆኖ ታሪኩን ይተርካል፤ የቀሩት እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይይዛሉ። መሪው «ከፊታችሁ የተቆለፈ በር አለ» ይላል። አንዱ «ሰብሬው እገባለሁ» ሲል ሌላው «ቆይ፣ መጀመሪያ ቁልፉን ልሞክረው» ይላል። መሳካት አለመሳካቱን የሚወስነው ባለ 20 ገጽ ዳይስ ነው።

ባዮዌር በ1995 ኤድመንተን ከተማ ውስጥ በሕክምና ዶክተሮች የተመሠረተ ኩባንያ ሲሆን፣ ይህንኑ ጨዋታ ወደ ኮምፒውተር አምጥቶ በ1998 «ባልደርስ ጌት» በሚል ባወጣው ሥራ ስሙ ተጠራ። በኮምፒውተር ላይ የመሪውን ቦታ ማሽኑ ይይዛል፤ ዳይሱንም እሱ ይወረውራል።

«ኔቨርዊንተር ናይትስ»ን የሚጀምር ሰው አስቀድሞ ገጸ ባሕርዩን ይቀርጻል። ተዋጊ፣ ሌባ፣ ካህን፣ አስማተኛ ወይም አዝማሪ መሆን ይችላል። ከዚያ የተሰጠውን ነጥብ በጉልበት፣ በቅልጥፍና፣ በጽናት፣ በዕውቀት፣ በጥበብና በግርማ ሞገስ መካከል ያከፋፍላል። ነጥቡ የተወሰነ ስለሆነ ለአንዱ ሲጨምር ከሌላው ይጎድላል። ምርጫው የሚታየው በውጊያ ላይ ብቻ አይደለም። ጉልበቱን አሳድጎ ዕውቀቱን እጅግ ዝቅ ያደረገ ተጫዋች አፉን ሲከፍት የሚቀርቡለት ዓረፍተ ነገሮች የተሰባበሩ ናቸው፤ አነጋጋሪውም እንደዚያው ይመልስለታል። ቋንቋ ለሚያስተምር ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ሰው የሚናገርበት መንገድ ሌላው ሰው የሚያይበትን ዓይን እንደሚለውጥ በተግባር ያሳያል።

የውጊያው ስሌትም አይደበቅም። ሰይፍ ይዞ ጎብሊን የተባለ ጭራቅ የገጠመ ተዋጊ ዳይሱ 13 ወጣለት እንበል። ከችሎታው የሚያገኘው 4 ሲደመር 17 ይሆናል። የጎብሊኑ መከላከያ 15 ከሆነ ምቱ ያዘ ማለት ነው። ዳይሱ 10 ቢወጣ ኖሮ ሰይፉ አየር ቀዝፎ ይመለስ ነበር። ይህ ሁሉ ከስክሪኑ ግርጌ በጽሑፍ ስለሚወጣ ተጫዋቹ ለምን እንዳሸነፈ፣ ለምን እንደተሸነፈ ማወቅ ይችላል።

ማስፋፊያዎቹ

ዋናው ታሪክ ኔቨርዊንተር የተባለችው ከተማ በወረርሽኝ ስትመታ ይጀምራል። ከተማዋን ከሚጠብቁት አንዷ አሪቤት የተባለች፣ ለእምነቷ የቆመች ተዋጊ ናት። የምትወደው ሰው ከከሃዲዎች ጋር አብረሃል ተብሎ በስቅላት ይቀጣል፤ እሷም ሐዘኑ አሸንፏት ታገለግላት በነበረችው ከተማ ላይ ትዘምታለች። ተጫዋቹ በመጨረሻ ፊት ለፊት ሲያገኛት ሰይፍ መምዘዝ ይችላል፤ አንደበቱ ከረዳውም አግባብቶ እጇን እንድትሰጥ ሊያደርግ ይችላል።

ማስፋፊያ የሚባለው ዋናውን ጨዋታ የያዘ ሰው ጨምሮ የሚያገኘው፣ አዲስ ታሪክ፣ አዲስ አገርና አዲስ ሙያ ይዞ የሚመጣ ክፍል ነው። በ2003 ሁለት ማስፋፊያዎች ወጡ፤ «ሻዶውስ ኦቭ አንድሬንታይድ» እና «ሆርድስ ኦቭ ዘ አንደርዳርክ»። ሁለተኛው ገጸ ባሕርዩ ልምድ ባገኘ ቁጥር የሚወጣውን፣ 20 ላይ ይቆም የነበረውን ደረጃ እስከ 40 ከፍ አደረገው። ጉዞውም ከዋተርዲፕ ከተማ ሥር ተነስቶ እስከ በረዷማ ሲኦል ይዘልቃል። ብዙ ተጫዋቾች ከሁሉም አብልጠው የሚወዱት ግን ዲኪን የተባለውን ኮቦልድ ነው። እንሽላሊት መሳይ፣ ቁመቱ አጭር፣ ሁሉም የሚንቀው ፍጡር ነው፤ ሙያው አዝማሪነት ነው። ተጫዋቹን እየተከተለ ጀብዱውን በመጽሐፍ ይጽፋል። የተናቀው ፍጡር የታሪኩ ጸሐፊ መሆኑ እኔን ሁልጊዜ ደስ ያሰኘኛል።

«ኔቨርዊንተር ናይትስ 2» በ2006 የወጣው ኦብሲዲያን በተባለ ሌላ ኩባንያ እጅ ነው። በዓመቱ የመጣው ማስፋፊያው «ማስክ ኦቭ ዘ ቢትሬየር» በእኔ ሚዛን የዚህ ቤተሰብ ምርጡ ሥራ ነው። ባለታሪኩ መናፍስትን ካልበላ የሚያሰቃይ የረሃብ እርግማን ይወርድበታል። የእርግማኑን ምንጭ ሲከተል ከአማልክቱ አንዱንም ሳያመልኩ የሞቱ ሰዎች ነፍስ በግንብ ላይ እንደ ድንጋይ ተደርድሮ ቀስ በቀስ የሚጠፋበት ቦታ ይደርሳል። ቅጣቱ ፍትሕ ነው ወይስ ግፍ? ጨዋታው ሁለቱንም ወገን ያናግራል፤ ግንቡን አፍርሶ እፎይ የሚያሰኝ ፍጻሜ ግን አይሰጥም። ጥያቄው ከተጫዋቹ ጋር አብሮ ይተኛል።

ተጫዋቹ ሲጽፍ

አውሮራ የተባለው የታሪክ መሥሪያ ዊንዶውስ ላይ ይሠራል። ሠሪው የቦታውን ዓይነት፣ ከተማ፣ ገጠር ወይም ዋሻ ብሎ ይመርጣል። መሬቱ በካሬ የተከፋፈለ ነው፤ አንድ ቦታ እስከ 32 በ 32 ካሬ ሊሰፋ ይችላል። በካሬዎቹ ላይ ቤት፣ መንገድና ዛፍ ያሰፍራል፤ ሰዎችን ያስገባል፤ ንግግራቸውን ይጽፋል። እንዲህ ተሠርቶ ያለቀ ታሪክ ሞጁል ይባላል፤ ተከታታይ ሞጁሎች ሲያያዙ ደግሞ ዘመቻ ይሆናሉ።

ሥራው ምን እንደሚመስል ከእህቴ ልጅ ልነሳ። አሥራ አንደኛ ክፍል ነው። አንዲት አሮጊት ምንጭ ዳር ተቀምጠው የጠፋች ፍየላቸውን ፈልጎ እንዲያመጣላቸው ተጫዋቹን የሚለምኑበት ትንሽ ሞጁል ጀመረ። ንግግር በሚጻፍበት መስኮት የአሮጊቷ ቃል በቀይ፣ የተጫዋቹ መልስ በሰማያዊ ይወጣል። ለእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር መቼ እንደሚታይ ቅድመ ሁኔታ ማስቀመጥ ይቻላል። ልጁ «ፍየሏን ይዤ መጣሁ» የሚለውን መልስ ጽፎ ሲጨርስ ቀና ብሎ «ጋሼ፣ ሸጧት መጥቶ ቢዋሽስ ምን ይበሉት?» አለኝ። «አንተ እሳቸውን ብትሆን ምን ትል ነበር?» አልኩት።

ብዙ አሰበ። በመጨረሻ የጻፈው ይህንን ነው። ተጫዋቹ «ቀበሮ በልቷታል» ብሎ ሲዋሽ አሮጊቷ አይቆጡም። «ደክሞሃል፣ አረፍ በል» ብለው እንጀራ ያቀርቡለታል። ከዚያ፣ ተጫዋቹ የፍየሏን ቃጭል በከረጢቱ ይዞ ከሆነ ብቻ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ይከተላል፦ «የእኔ ልጅ፣ ቃጭሏ ከረጢትህ ውስጥ ምን ታደርጋለች?» ቃጭሉን ያልያዘ ተጫዋች ይህንን ጥያቄ በጭራሽ አይሰማውም።

ለእውነተኛው፣ ለውሸታሙ፣ ተጸጽቶ ለሚመለሰውም መንገድ ማዘጋጀት ነበረበት። በክፍል ውስጥ ድርሰት ሳስጽፍ ተማሪው የሚያስበው ለራሱ ሐሳብ ነው። እዚህ ግን የማያውቀው ሰው የሚመርጠውን አስቀድሞ ማሰብ ግድ ይሆንበታል። እኔ በአስተማሪነቴ ሰውን በሌላ ሰው ጫማ የሚያስገባ እንዲህ ያለ የጽሑፍ ልምምድ አላየሁም።

በዚህ መንገድ የተሠሩት ዘመቻዎች ቀላል አይደሉም። «ስዎርድፍላይት» ከደረጃ አንድ ይጀምራል፤ ደራሲው ለዓመታት ምዕራፍ በምዕራፍ ነው ያወጣው። ተጫዋቹ ስንቁንና መድኃኒቱን ካልቆጠበ አይዘልቅም። «ዘ አይሉንድ ሳጋ» ረጅም ታሪክ ነው፤ ኋላ በልቦለድነትም ታትሟል። በ2006 በነጻ የተለቀቀው «ዳርክነስ ኦቨር ዳገርፎርድ» በ2018 ታድሶ ለሽያጭ በቃ። በዚያው ዓመት ዋናው ጨዋታም ቢምዶግ በተባለ የካናዳ ኩባንያ ታድሶ ወጥቷል። የፖላንዱ ሲዲ ፕሮጀክት በ2007 ያወጣው የመጀመሪያው «ዘ ዊቸር»ም የተሠራው «ኔቨርዊንተር ናይትስ»ን በሚያንቀሳቅሰው ፕሮግራም፣ ማለትም በአውሮራ ሞተር ላይ ነው።

በሌሎች ጨዋታዎችም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። ኒክ ፒርስ የተባለ አውስትራሊያዊ የሕግ ባለሙያ «ስካይሪም» በተባለው ጨዋታ ላይ የሠራው «ዘ ፎርጎተን ሲቲ» በ2016 የአውስትራሊያ የጸሐፍት ማኅበርን ሽልማት አገኘ፤ በ2021 ደግሞ ራሱን የቻለ ጨዋታ ሆኖ ወጣ።

ለወላጅ፣ ለመምህርና ለወጣቱ

ወላጆች ሊያውቁት የሚገባ ነገር አለ። ተጫዋቾች ከሠሯቸው ታሪኮች መካከል ለአዋቂ ብቻ የተጻፉ፣ ወሲብና ጭካኔ ያለባቸው ይገኛሉ። እያንዳንዱ ሞጁል መግለጫ ስላለው ልጅ ከመክፈቱ በፊት ወላጅ ያንብበው። ሰዓትም ይወሰን፤ በትምህርት ቀን ጨዋታው ከጥናት በኋላ ይምጣ።

ጥሩው ነገር ወጪው ነው። የዛሬ ጨዋታዎች ውድ ኮምፒውተርና ብዙ ጊጋባይት ዳታ ይጠይቃሉ። የ2002ቱ ጨዋታ ባረጀ ላፕቶፕም ይሄዳል፤ ብዙዎቹ ሞጁሎችም ጥቂት ሜጋባይት ብቻ ናቸው።

አንድ ነገር ግን ይቆጨኛል። ጨዋታው የግዕዝ ፊደል አያሳይም። የእህቴ ልጅ የአሮጊቷን ንግግር በላቲን ፊደል ለመጻፍ ተገደደ፤ «የእኔ ልጅ» የሚለው ቃል በባዕድ ፊደል ሲጻፍ ሙቀቱን ያጣል። መፍትሔ ግን አለ። ትዋይን የተባለው ነጻ የታሪክ መሥሪያ ሥዕልና ውጊያ ባይኖረውም አማርኛን ያለችግር ይቀበላል፤ ምርጫና ቅድመ ሁኔታ ያለው ታሪክ በሱ መጻፍ ይቻላል፤ ምርጫ ብቻ ላለው ቀላል ታሪክ ኮድ ማወቅም አያስፈልግም።

ስለዚህ የአማርኛና የአይሲቲ መምህራን ባልደረቦቼን አንድ ነገር እለምናለሁ። የኮምፒውተር ክፍሉ ከሰዓት በኋላ ክፍት ከሆነ የሥነ ጽሑፍ ክበቡን እዚያ አስገቡት። ተማሪዎቹ ከአያቶቻቸው የሰሙትን አንድ ተረት ይውሰዱና አንባቢው የሚመርጥባቸውን ሦስት ቦታዎች ይጨምሩበት። ወላጆችም ልጃችሁ ሠርቶ ሲጨርስ አጠገቡ ቁጭ ብላችሁ ታሪኩን እስከ መጨረሻው ተጫወቱለት።