የሊስፕን ገለባ ማራገፍ

ጆን ማካርቲ እ.ኤ.አ. በ1958 የጀመረው ሊስፕ ፕሮግራሙንና የመሥሪያ ዕቃዎቹን አንድ ላይ የሚያኖር ቋንቋ ነው። ኮምፓይለሩ፣ ስህተት መፈለጊያው፣ የየፈንክሽኑ ማብራሪያ ሁሉ ፕሮግራሙ እየሠራ ሳለ ከጎኑ አሉ። ለጸሐፊው ትልቅ ጸጋ ነው፤ ጭነቱ የሚሰማው ሲረከቡት ነው። ኤስቢሲኤል በተባለው የሊስፕ ኮምፓይለር «ሰላም» ብቻ የምትል አንዲት መስመር ራሷን ችላ እንድትነሣ ተደርጋ ብትቀመጥ ከ30 እስከ 40 ሜጋባይት ትይዛለች። የእኛ ድርሻ ጥቂት ባይት ነው፤ ቀሪው የአናጢው መጋዝና መዶሻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 አዲስ አበባ ላይ የተቋቋመው አይኮግ ላብስ በተሳተፈበት፣ ኦፕንኮግ በተባለው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮጀክት፣ የሊስፕ ዘመድ የሆነው ስኪም ሲያገለግል ይህ ብዙም አያስጨንቅም፤ የተመራማሪ ኮምፒውተር ይሸከመዋል። በራያ ቆላ ላለው የቆቦ ጊራና የጉድጓድ መስኖ የውሃ ተራ የሚያሰላ ፕሮግራም ቢታሰብ ግን ነገሩ ሌላ ነው። እዚያ ፕሮግራም የሚደርሰው በሜጋባይት በሚገዛ የሞባይል ዳታ፣ ኔትወርክ ሲጠፋም በፍላሽ ነው። ስለዚህ ለራያ ቆላ የሚላክ ሊስፕ መራገፍ አለበት እላለሁ።

መንገዱ አንድ አይደለም። ሊስፕወርክስ የተባለው የሊስፕ ሥሪት ከ0 እስከ 5 በደረጃ ያራግፋል፦ ከመነሻው ፈንክሽን ይጀምርና የሚጠራውን፣ ያም የሚጠራውን እየተከተለ ያልደረሰበትን ይጥላል። ኤስቢሲኤል ፋይሉን ያምቃል እንጂ እንዲህ አያበጥርም። ሌላው ሥሪት ኢሲኤል ደግሞ ኮዱን ወደ ሲ ቋንቋ ይመልሰዋል። አደጋው ያለው ማበጠሩ ላይ ነው። የአንድ ፈንክሽን ስም በሥራ ሰዓት ከፊደላት ተገጣጥሞ የሚጠራ ከሆነ አራጋፊው ጥሪውን አያየውም፤ ፍሬውን ገለባ ብሎ ይጥለዋል። ጸሐፊው መጣል የሌለባቸውን ስሞች በእጁ ካልዘረዘረ ፕሮግራሙ ማሳ ላይ ይቆማል።

የዲስክ ቦታ ርካሽ ሆኗል የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ ዳታ ግን አሁንም በሜጋባይት ይከፈልበታል። ጠንካራው ተቃውሞ ከናሳ ልምድ የሚነሣው ነው፦ እ.ኤ.አ. በ1999 ዲፕ ስፔስ 1 በተባለችው መንኮራኩር ላይ የነበረ የሊስፕ ፕሮግራም ሲቆም፣ ምክንያቱን ለማግኘት የረዱት አብረውት የተጫኑት መሣሪያዎች ነበሩ። ነገር ግን በዚያኛው ጫፍ ባለሙያዎችና የሬዲዮ መስመር ነበሩ። ቆቦ ላይ ለተቀመጠ የመስኖ ሠራተኛ ስህተት መፈለጊያው ቢከፈትለት ምን ያደርግበታል? የሚጠቅመው፣ ምን እንደተበላሸ በአማርኛ የሚነግርና ለጸሐፊው የሚላክ አጭር መዝገብ ነው። የማራገፉ ደረጃ ከፍ ሲል ስህተትን የሚያስረዳው ክፍልም አብሮ ሊሄድ ስለሚችል፣ ጥቂት ኪሎባይት ቢያስከፍልም ይህ ክፍል መጣል የለበትም። ሙከራውም የሚደረገው በተራገፈው ቅጂ ላይ ነው፤ በዓመት አንዴ ብቻ የሚከፈተው ገጽ ሳይቀር ተነክቶ መታየት አለበት።