ሽበት በቬሎድሮም

ቬሎድሮም የብስክሌት መሽቀዳደሚያ ትራክ ነው፤ እዚያ የሚጋለበው ብስክሌት ፍሬን የለውም። ማርሹም አንድ ብቻ ነው። የኋላው ጎማ እስከዞረ ድረስ ፔዳሉም አብሮ ስለሚዞር፣ ተወዳዳሪው ለአፍታ እግሩን ላሳርፍ ቢል ብስክሌቱ ከኮርቻው ያስፈነጥረዋል። ፍጥነት የሚቀነሰው ፔዳሉን በእግር ጉልበት በመግታት ወይም ወደ ትራኩ ከፍተኛ ጠርዝ ወጣ በማለት ነው። ለትልልቅ ውድድሮች የሚሠሩት ቬሎድሮሞች ዙሪያቸው 250 ሜትር ሲሆን፣ መታጠፊያቸው ላይ ወለሉ ከ40 ዲግሪ በላይ ያዘነብላል። ከታች ቆሞ ለሚያየው ግድግዳ ነው። በዚያ ላይ ሳይንሸራተቱ ለመዞር በሰዓት ከ25 እስከ 30 ኪሎ ሜትር መፍጠን ያስፈልጋል።

እዚህ ግድግዳ ላይ የልጅ ልጅ ያዩ ሰዎች ይሽቀዳደማሉ። የመጡት ጤናቸውን ለመጠበቅ ብቻ አይደለም፤ ሊያሸንፉ ነው።

ዓለም አቀፉ የብስክሌት ኅብረት ማስተርስ ለሚባሉት ተወዳዳሪዎች የራሳቸው የትራክ የዓለም ሻምፒዮና አለው። መግቢያው 35 ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ ምድቡ በየአምስት ዓመቱ ይከፈላል፤ የ60 ዓመቱ ሰው ከ64 ዓመቱ ጋር ይወዳደራል እንጂ ከ40 ዓመቱ ጋር አይጋጠምም። ሻምፒዮናው በእንግሊዟ ማንችስተር ለብዙ ዓመታት ተካሂዷል፤ ሎስ አንጀለስም አስተናግዳዋለች። የየምድቡ አሸናፊ ቀስተ ደመና ያለበትን የዓለም ሻምፒዮን ማሊያ ይለብሳል። ተወዳዳሪዎቹ መምህራን፣ ነርሶች፣ መካኒኮችና ጡረተኞች ናቸው። ልምምዳቸውን የሚሠሩት ከሥራ በፊት በማለዳ ወይም ከሥራ በኋላ በምሽት ነው፤ ወጪያቸውንም በአብዛኛው ከኪሳቸው ይሸፍናሉ።

የዕድሜ ምድብ ለኢትዮጵያ አንባቢ እንግዳ ነገር አይደለም። ቀነኒሳ በቀለ በ2024 በለንደን ማራቶን በ41 ዓመቱ 2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ ሮጦ ሁለተኛ ሲወጣ፣ ከ40 ዓመት በላይ ላሉ ሯጮች ከዚያ በፊት ያልታየ ሰዓት አስመዝግቧል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖችና ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በብስክሌትም ተመሳሳይ ታሪክ አለ። ጀርመናዊው የንስ ፎይክት መስከረም 18 ቀን 2014 በስዊዘርላንዷ ግሬንሸን በአንድ ሰዓት 51.110 ኪሎ ሜትር ጋልቦ የዓለምን የሰዓት ክብረ ወሰን ሲሰብር 43ኛ የልደት በዓሉን ያከበረው በዋዜማው ነበር። አሜሪካዊቷ ክሪስቲን አርምስትሮንግ በሪዮ ኦሊምፒክ ሦስተኛ ተከታታይ የወርቅ ሜዳልያዋን ያጠለቀችው 43 ዓመት ሊሞላት አንድ ቀን ሲቀራት ነው። ፈረንሳዊቷ ዣኒ ሎንጎ ደግሞ በቤጂንግ ኦሊምፒክ በ49 ዓመቷ በሰዓት ሙከራ አራተኛ ወጥታ ነሐስ ያመለጣት በሁለት ሰከንድ ገደማ ነው።

እነዚህ ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ በስፖርቱ የኖሩ ናቸው። ለተራው ሰው ይበልጥ የሚነግረው የሮቤር ማርሻን ታሪክ ነው።

ማርሻን በ1911 በፈረንሳይ አሚየን ከተማ ተወለዱ። ቁመታቸው 1.52 ሜትር ስለነበር በወጣትነታቸው አሠልጣኝ፣ በዚህ ቁመት ሻምፒዮን አይኮንም ብሎ አሰናበታቸው። ከዚያ ኑሮ ወሰዳቸው። በፓሪስ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ሆኑ፤ በቬነዝዌላ የጭነት መኪና ነዱ፤ በካናዳ እንጨት ቆረጡ፤ ወደ አገራቸው ተመልሰው ወይን ነገዱ። ብስክሌቱን ዳግም የያዙት በ60ዎቹ ዕድሜያቸው መጨረሻ ላይ ነው። በ2012፣ መቶ ዓመት ከሞላቸው በኋላ፣ ስዊዘርላንድ ኤግል በሚገኘው ቬሎድሮም ለአንድ ሰዓት ያህል ዞረው 24.251 ኪሎ ሜትር ሸፈኑ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ102 ዓመታቸው፣ በፓሪስ አቅራቢያ በሚገኘው የሳን ካንታን ቬሎድሮም 26.927 ኪሎ ሜትር አደረሱት። ጣሊያናዊው ፊሊፖ ጋና በ2022 በ26 ዓመቱ ያስመዘገበው የሰዓት ክብረ ወሰን 56.792 ኪሎ ሜትር ነው፤ ማርሻን በ102 ዓመታቸው የሸፈኑት ርቀት ከዚህ ግማሽ ሊሞላ የቀረው ጥቂት ነበር።

በ102 ዓመት ከ100 ዓመት ይልቅ መፍጠን እንዴት ይቻላል? ጥያቄው የፊዚዮሎጂ ባለሙያዋን ቬሮኒክ ቢላን ይዟት ነበር። ለሁለት ዓመት ያህል ልምምዳቸውን እየመራች መረጃ ሰበሰበች። በዓመት 5,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ጋለቡ፤ ከዚህ 80 በመቶው ቀላል፣ 20 በመቶው ጠንከር ያለ ነበር። ከ101 እስከ 103 ዓመታቸው ባለው ጊዜ ሰውነታቸው በጥረት ጫፍ ላይ የሚጠቀመው የኦክስጅን መጠን በአንድ ኪሎ ግራም ክብደት በደቂቃ ከ31 ወደ 35 ሚሊ ሊትር ከፍ አለ፤ ፔዳል ላይ የሚያሳርፉት ከፍተኛ ኃይልም ከ90 ወደ 125 ዋት ደረሰ። የኃይሉን ጭማሪ በአብዛኛው ያገኙት ፔዳሉን ከቀድሞው ይልቅ ቶሎ ቶሎ በማዞር ነው። ጥናቱ በአንድ ሰው ላይ ስለተሠራ ለሁሉም ይሠራል ማለት አይቻልም። ያም ሆኖ መቶ ዓመት ያለፈው ሰውነት ለልምምድ ምላሽ እንደሚሰጥ አሳይቷል፤ ይህ ቀደም ሲል በልበ ሙሉነት የሚነገር ነገር አልነበረም።

ጥር 4 ቀን 2017 ማርሻን በ105 ዓመታቸው ለአንድ ተጨማሪ ሙከራ ወደ ሳን ካንታን ተመለሱ። ዕድሜያቸው እዚህ የደረሰ ተወዳዳሪ ስላልነበረ አዲስ ምድብ ተከፈተላቸው። 22.547 ኪሎ ሜትር ሸፈኑ። ሕዝቡ ቆሞ ሲያጨበጭብላቸው እሳቸው የቆጫቸው ሌላ ነገር ነበር፤ አሥር ደቂቃ እንደቀረ የሚያሳየውን ምልክት ሳያዩት በማለፋቸው ፍጥነት ሳይጨምሩ ቀሩ። የተወዳዳሪ ጸጸት ነው፤ በሃያ ዓመት ወጣት ላይ ከሚታየው አይለይም። ማርሻን በ2021 በ109 ዓመታቸው አረፉ።

ይህ ጸጸት ብዙ ይናገራል። ብዙ ጊዜ አዛውንት ሲሮጥ ወይም ሲጋልብ የምንሰጠው አድናቆት ለዕድሜው ነው፤ ምንም ቢሠራ እናጨበጭባለን። አንጋፋው ተወዳዳሪ ከዚህ የተሻለ ክብር ይገባዋል፤ ሰዓቱ ተለክቶ፣ ከእኩያው ጋር ተፋጥጦ፣ ሲሸነፍ ተሸነፈ ሲያሸንፍ አሸነፈ ሊባል ይገባዋል። የውድድር ቀን በቀን መቁጠሪያ ላይ ሲሰፍር ልምምዱም መልክ ይይዛል። ዝም ብሎ የሚጋልብ ሰው ዝናብ ሲጥል ቤቱ ይቀመጣል፤ ከስድስት ሳምንት በኋላ ውድድር ያለበት ግን ይወጣል።

ሰውነት ያረጃል፤ ይህን መሸፋፈን አይጠቅምም። ከፍተኛው የልብ ምት በየዓመቱ ዝቅ ይላል፤ ልምምድም አያስቀረውም። ለቅጽበታዊ ፍንጠራ የሚያገለግሉት ፈጣን የጡንቻ ክሮች ቀድመው ይሳሳሉ፤ ለዚህም የአጭር ርቀት ሽቅድድም ከረጅሙ ይልቅ በቶሎ ይከብዳል። ከጠንካራ ልምምድ በኋላ ለማገገም የሚወስደው ጊዜም ይረዝማል፤ ሌሊት ተኝቶ ጠዋት ትኩስ ሆኖ የሚነሣው የ25 ዓመት ልጅ ነው። ነገር ግን ከምናየው ድካም ስንቱ የዕድሜ፣ ስንቱ የመቀመጥ ውጤት እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል። በለንደን የኪንግስ ኮሌጅና በበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች ዕድሜያቸው ከ55 እስከ 79 የሆነ 125 አማተር ብስክሌተኞችን መርምረው ነበር። ለመመረጥ ወንዶቹ 100 ኪሎ ሜትር ከስድስት ሰዓት ተኩል ባነሰ፣ ሴቶቹ 60 ኪሎ ሜትር ከአምስት ሰዓት ተኩል ባነሰ ጊዜ መጋለብ ነበረባቸው። በ2018 በወጣው ውጤት የጡንቻቸው መጠንና ጉልበት በዕድሜ ብዙም አልቀነሰም ነበር፤ በሽታ የመከላከል አቅማቸውም እንቅስቃሴ ከማያደርጉ እኩዮቻቸው ይልቅ ወደ ወጣቶቹ የቀረበ ሆኖ ተገኘ።

ብስክሌት ያልሰጠው ነገር አጥንት ነው። ክብደታችንን ኮርቻው ስለሚሸከም አጥንት እንደ ሩጫው አይመታም፣ አይጠነክርም። ለረጅም ዓመታት ብስክሌት ብቻ የጋለበ ሰው አጥንቱ ሊሳሳ ይችላል፤ የሚወድቅበት ስፖርት እንደመሆኑ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ለዚህ ነው አሠልጣኞች አንጋፋዎቹን ክብደት እንዲያነሱ የሚወተውቱት። ልብም አለ፤ ለብዙ ዓመታት ጠንካራ የጽናት ልምምድ የሠሩ ሰዎች ላይ የልብ ምት መዛባት ከሌላው ሰው በዛ ብሎ እንደሚታይ በጥናት ታውቋል። በ50 ዓመቱ ውድድር የሚጀምር ሰው መጀመሪያ ሐኪም ዘንድ መቅረብ አለበት።

ጉልበት ሲቀንስ ብልሃት ይገባበታል፤ ትራኩም ለዚህ ቦታ አለው። በስፕሪንት ውድድር ሁለት ሰዎች ይጋጠማሉ፤ የመጀመሪያዎቹን ዙሮች እየተያዩ፣ አንዳንዴም ብስክሌቱን ሚዛን ላይ አቁመው ሳይንቀሳቀሱ እየተጠባበቁ ያሳልፏቸዋል። ከኋላ ያለው የፊተኛውን ጥላ ተገን አድርጎ ስለሚፈነጠር፣ ማንም ቀድሞ መውጣት አይፈልግም። በነጥብ ውድድር ደግሞ በየአሥር ዙሩ ቀድመው ያለፉ አራት ሰዎች 5፣ 3፣ 2 እና 1 ነጥብ ይሰጣቸዋል። የትኛውን ዙር ታግሎ የትኛውን መተው እንደሚሻል የሚያውቅ ሰው ከእርሱ የበለጠ ሳንባ ያለውን ሊረታ ይችላል።

ከቬሎድሮም ውጭ የአንጋፋዎች አንዱ ትልቅ ሜዳ ክሪቴሪየም ነው። የከተማ መሐል ጎዳናዎች ለመኪና ይዘጉና ከጥቂት ኪሎ ሜትር የማይበልጥ ዙር ይሠራል፤ ብስክሌተኞቹ ያንኑ ዙር ደጋግመው ይዞሩታል። በአሜሪካ ይህ ባህል ሥር ሰዷል። በኒው ጀርሲ የሚካሄደው የሰመርቪል ውድድር በ1940 ሲጀመር፣ ግዛቱ በአውራ ጎዳና ላይ ለሽልማት መሽቀዳደምን ስለሚከለክል «ቱር» የሚል ስም ተሰጠው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ውድድሮች የመሥራቹ ልጅ ፉርማን ኩግለር፣ ሦስተኛውን ካርል አንደርሰን አሸነፉ። ሁለቱም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወደቁ፤ ውድድሩ ለመታሰቢያቸው ሆነ።

በእንደዚህ ያለ የውድድር ቀን በተለምዶ አማተሮቹና የዕድሜ ምድቦቹ ጠዋት ይወዳደራሉ፤ ፕሮፌሽናሎቹ ወደ ማታ ይወጣሉ። የጠዋቱን ውድድር ቀላል ነው ብሎ የሚገምት ይሳሳታል። ከ45 ዓመት በላይ ያሉት ቡድን በሰዓት ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ ሊበር ይችላል። ከሌላው ኋላ ተጠግቶ የሚጋልብ ሰው ከጉልበቱ ሲሦ ያህል ስለሚቆጥብ፣ ሁሉም ተጠጋግቶ ይሄዳል። መታጠፊያው ላይ ግን የፊተኞቹ ሳይገቱ ሲያልፉ የኋለኞቹ ፍሬን ይይዛሉ፤ ከዚያም ለመድረስ መፈንጠር ይኖርባቸዋል። በአንድ ሰዓት ውስጥ ይህ ብዙ ጊዜ ሲደጋገም ኋላ የቀረው ሰው ሳያውቀው ያልቃል። ልምድ ያለው ከፊተኛው ሲሦ አይወርድም፤ ሲታጠፍ የውስጠኛውን ፔዳል ከፍ አድርጎ ይይዛል፤ ዓይኑን ከፊቱ ባለው ጎማ ላይ ሳይሆን አራትና አምስት ሰው አሻግሮ ይጥላል። ደወል ሲደወል የሚቀጥለው ዙር ሽልማት አለው ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ሰላማዊ የነበረው ቡድን ይታመሳል። ጎማ ለተነፈሰበትና ለወደቀ ሰው ብዙ ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ነፃ ዙር ይፈቀድለታል፤ ብስክሌቱን አስተካክሎ ቡድኑ ሲመጣ ይቀላቀላል።

ደንቡ ለአንጋፋ አይላላም። በ2018 በፔንስልቬንያ በተካሄደ የማስተርስ የትራክ ሻምፒዮና የ90 ዓመት አዛውንት ክብረ ወሰን ሰብረው ሽንታቸው ሲመረመር የተከለከለ ንጥረ ነገር ተገኘበት። ምንጩ በውድድሩ ዋዜማ የበሉት የተበከለ ጉበት ሳይሆን እንዳልቀረ ተደምድሞ በማስጠንቀቂያ ታለፉ፤ ውጤታቸው ግን ተሰርዟል። ጭካኔ የሚመስለው ይኖራል። የ90 ዓመት ሰው ውጤት ከሌላው እኩል በጥብቅ መመርመሩ ግን ውጤቱ ከምር እንደተወሰደ ያሳያል።

ጀማሪ ሰው በቀጥታ ወደ 40 ዲግሪው ግድግዳ አይገባም። በ1891 የተሠራውና የ1948ቱን ኦሊምፒክ የትራክ ብስክሌት ውድድር ያስተናገደው የለንደኑ ሄርን ሂል ዙሪያው 450 ሜትር፣ መታጠፊያውም ለስለስ ያለ በመሆኑ ብዙ ሰዎች እዚያ ይለማመዳሉ። ለ2012 ኦሊምፒክ የተሠራው የሊ ቫሊ ቬሎድሮም ደግሞ አዲስ መጪዎችን በአራት ደረጃ ያሠለጥናል፤ መጀመሪያ ከታች በጠፍጣፋው ላይ፣ ቀስ በቀስም በመስመሮቹ መሐል ከፍ እያሉ፣ በመጨረሻ ከሌሎች ጋር ተጠጋግቶ መጋለብን ይማራሉ። ሥልጠናውን ያለፉበት ማረጋገጫ ከሌለ ውድድር አይፈቀድም።

ምድቡ በአምስት ዓመት ስለሚከፈልና ዕድሜ የሚቆጠረው በዓመቱ መጨረሻ በሚሞላው ቁጥር ስለሆነ፣ በእነዚህ ሰዎች ዘንድ ልደት ሌላ ትርጉም አለው። የ59 ዓመቱ ተወዳዳሪ በምድቡ ትልቁ ነው፤ ከ55 ዓመቶቹ ኋላ ይለፋል። በአዲሱ ዓመት ወደ 60ዎቹ ሲሻገር የምድቡ ትንሹ ይሆናል፤ ስለዚህም ክረምቱን ከሁሉም አብልጦ ይለማመዳል።